ልጄ በአዳማ መኪና ማሽከርከር የተማረበት ማሠልጠኛ፦ ምን ሰጠን፣ ምንስ ለቤት ተወልን?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ካለቀ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ምደባ እስኪታወቅ ድረስ ባለው ጊዜ፣ ገና 18 ዓመት የሞላቸው ብዙ ልጆች በአዳማ የአሽከርካሪ ማሠልጠኛ ተቋማት ለመመዝገብ ይመጣሉ፤ ከጎናቸው ቆሞ ገንዘቡን የሚከፍለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ነው። እኔም ልጄንና የእኅቴን ልጅ በአንድ ተቋም አስመዝግቤያቸው፣ ሁለቱም የአውቶሞቢል ሥልጠናቸውን ጨርሰውና ፈተናውን አልፈው መንጃ ፈቃዳቸውን ይዘዋል። አገልግሎቱ ለከፈልነው ገንዘብ የሚመጥን ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አዎን እላለሁ፤ ልጆቹ በማግሥቱ ብቻቸውን መኪና ይዘው ለመውጣት ዝግጁ ነበሩ ወይ ብትሉኝ ግን አልነበሩም እላለሁ። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተለያዩ መሆናቸውን አስቀድሞ የተረዳ ወላጅ፣ ከእንዲህ ያለው ተቋም ማግኘት የሚገባውን ሁሉ ያገኛል፤ ተቋሙ ሊሰጠው የማይችለውንም ከእርሱ አይጠብቅም።

የተቋሙን ስም አልጠቅስም። ከማነሣቸው ጉድለቶች አብዛኞቹን ልጆቻቸውን ሌላ ቦታ ያሠለጠኑ ወዳጆቼም ስለሚያነሷቸው፣ ችግሩን የአንድ ድርጅት አድርጎ ማቅረብ ፍትሐዊ መስሎ አልታየኝም።

ከምዝገባው ልጀምር። ቢሮው ሥርዓት ያለው ነው፤ ክፍያው ምን ምን እንደሚያካትት በጽሑፍ ተሰጥቶናል፣ የዓይን ምርመራን ጨምሮ የሚያስፈልገው የሕክምና ማስረጃ ከየት እንደሚመጣ በግልጽ ተነግሮናል። ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን በወረፋው ላይ ያየሁት ነገር ነው። አንድ አባት ዕድሜው ጥቂት ወር የጎደለውን ልጃቸውን ይዘው መጥተው ነበር፤ ልጁ ቁመቱ ረዥም ነው፣ አባትየውም «ቤት ውስጥ መኪናውን ያንቀሳቅሳል፣ የሚቸግረው ነገር የለም» እያሉ ይከራከራሉ። መዝጋቢዋ ወጣት ሳትቆጣ፣ ግን ደግሞ ሳትለሳለስ፣ «አባቴ፣ ሕጉ ለአውቶሞቢል 18 ይላል፤ ሲሞላው ይዘውት ይምጡ፣ እኛም እናስተናግዳችኋለን» ብላ መለሰቻቸው። ገንዘብ ይዞ በር ላይ የቆመን ሰው የሚመልስ ተቋም በሌላውም ነገር ሊታመን ይችላል የሚል ግምት የያዝኩት ያን ጊዜ ነው፤ ግምቴም በአብዛኛው ትክክል ሆኗል።

የንድፈ ሐሳቡ ትምህርት የመንገድ ምልክቶችንና የትራፊክ ደንብን፣ የአሽከርካሪ ባሕርይን፣ የተሽከርካሪ ቴክኒክንና የመጀመሪያ እርዳታን ያካትታል። መምህሩ ለብዙ ዓመታት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ያሽከረከሩ ሰው በመሆናቸው፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሁሉ ከመንገዱ ጋር እያገናኙ ያስረዳሉ። ልጄ አንድ ቀን ቤት ሲገባ ደብተሩን ከፍቶ ያሳየኝ ስሌት እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ120 የሚሄደው ደግሞ 33 ሜትር። ስለዚህ ፈጣን መንገዱ ላይ በ120 የሚሄድ ሰው የመጣለትን መልእክት ለማየት 2 ሰከንድ ብቻ ዓይኑን ወደ ስልኩ ቢያወርድ፣ ከ60 ሜትር በላይ መንገዱን ሳያይ ያልፋል ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ እንደሚሆንም መምህሩ በሰሌዳ ላይ ሠርተው አሳይተዋቸዋል። ለ18 ዓመት ልጅ «ቀስ በል» ከሚል ምክር ይልቅ እንዲህ ያለው ቁጥር በተሻለ ይገባዋል።

የዚህ ክፍል ድክመቱ መጨረሻው ላይ ነው። የፈተናው ቀን ሲቃረብ ትምህርቱ ቀርቶ ጥያቄና መልስ መሸምደድ ይጀመራል፤ ልጆቹ በቴሌግራም የሚቀባበሏቸውን የቆዩ ጥያቄዎች «ይሄ መልሱ ሐ ነው» እያሉ በፊደል ይይዟቸዋል። የእኅቴ ልጅ ቅድሚያ የመስጠትን ደንብ ከነምክንያቱ ስትጠይቅ፣ ከጎኗ የተቀመጠው ሠልጣኝ ምክንያቱ ፈተና ላይ እንደማይመጣ ነግሯታል። መምህሩ ይህን ቢሰሙ እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ ሆኖም ተቋሙ የሚመዘነው ባለፉለት ተፈታኞች ብዛት እስከሆነ ድረስ፣ በመጨረሻው ሳምንት ሁሉም ወደ ሽምደዳ ማዘንበሉ አይቀርም። ወላጅ እዚህ ላይ ቀላል ነገር ማድረግ ይችላል፤ ልጁን በታክሲም ሆነ በባጃጅ ይዞ ሲሄድ ምልክቶቹን እየጠቆመ ትርጉማቸውን ሳይሆን ለምን እዚያ ቦታ እንደተተከሉ መጠየቅ ነው።

ወደ ተግባር ልምምዱ ስንመጣ፣ ተቋሙ ከከተማው ዳር ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ያሠለጥናል። መኪኖቹ ያረጁ ባለማርሽ ቶዮታ ኮሮላዎች ናቸው፤ አናታቸው ላይ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ በአሠልጣኙ በኩልም ተጨማሪ ፍሬን ተገጥሞላቸዋል። እርጅናቸው አላስጨነቀኝም፤ ፍሬናቸውና ጎማቸው ደህና መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የደህንነት ቀበቶዎቹም ሁሉም ይሠራሉ። አሠልጣኞቹ እጅና እግርን በማስተማር ረገድ በእውነት ጎበዞች ናቸው። የእኅቴ ልጅ ዳገት ላይ መነሣት አቅቷት ሞተሩ በተደጋጋሚ እየጠፋባት ስታለቅስ፣ አሠልጣኟ ከመኪናው ወርዶ መስኮቱ አጠገብ ቆመና «አሁን ዓይንሽን ከመርገጫው ላይ አንሺ። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያደረግሽ ልቀቂ፤ መሪው እጅሽ ላይ ሲንቀጠቀጥና የመኪናው አፍንጫ ትንሽ ከፍ ሲል እዚያው ያዢው፤ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ» አላት። የሚንቀጠቀጠውን መሪ በእጇ ካገኘችው በኋላ ሞተሩ አልጠፋባትም። ይህን ትዕግሥት ለራሱ ልጅ የሚያሳይ ወላጅ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ፍሪሲዮንና ማርሽ፣ ወደ ኋላ መሄድና ማቆም ከአሠልጣኝ ዘንድ እንዲለመዱ አጥብቄ እመክራለሁ። አባት ልጁን ይህን ሲያስተምር የሚፈጠረውን ጭቅጭቅ በሰፈራችን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ቅሬታዬም ያለው እዚሁ የተግባር ክፍል ውስጥ ነው። በመጀመሪያ፣ አንድ መኪና ለብዙ ሠልጣኞች ስለሚመደብ፣ በወረቀት ላይ የሰፈረው የልምምድ ሰዓት የሌሎቹን ተራ መጠበቅንም ይጨምራል፤ ልጁ መሪ የሚይዘው ከዚያ ሰዓት በከፊሉ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ልምምዱ በአብዛኛው ፈተናው የሚጠይቀውን የሜዳ እንቅስቃሴ መደጋገም ነው፤ በተደረደሩ ጎማዎች መካከል መተጣጠፍ፣ ወደ ኋላ ገብቶ መቆም፣ ቀጥ ብሎ መመለስ። ወደ ከተማው የወጡትም ገበያ ባልቆመበት፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። ሦስተኛውና ይበልጥ ያሳዘነኝ፣ ልጄ አስፋልት ላይ ሲያሽከረክር ከጎኑ የነበረው አሠልጣኝ ረዘም ያለ የስልክ ወሬ ማውራቱ ነው። የስልክ አደገኝነት በንድፈ ሐሳብ ክፍል ተምረው የወጡ ልጆች፣ በተግባር ክፍል ይህን ካዩ የትኛውን እንደሚይዙ መገመት አያዳግትም። ለኃላፊው በአክብሮት ነግሬያቸው አሠልጣኙን ቀይረውልናል፤ የተቀየረው አሠልጣኝም ስልኩን መኪናው ኪስ ውስጥ አስቀምጦ ነበር የሚያሠለጥነው። ቅሬታን እንዲህ በፍጥነት መቀበላቸውን በበጎ ጎኑ መዝግቤዋለሁ።

ከሁለቱ ልጆች መንጃ ፈቃድ በኋላ ያስተዋልኩት ነገር የዚህ ግምገማ ዋና ምክንያት ነው። ልጄ ለእጅ ሥራ ፈጣን ነው፤ ማርሽ በቀላሉ ለመደ፣ ፈተናውንም በመጀመሪያው አለፈ፤ አሠልጣኙም «ልጅዎ ጨርሷል፣ ሥጋት አይግባዎት» አለኝ። የእኅቴ ልጅ ግን ሁሉን ነገር ዘግይታ ነው የያዘችው፤ ፈተናውንም የደገመችው እርሷ ናት። በተቋሙ መለኪያ ልጄ ይበልጣል። ከጎናቸው ተቀምጬ በከተማው ውስጥ ሳያቸው ግን ሚዛኑ ተገለበጠ።

ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነበርን። ከፊታችን የነበረ ባጃጅ እጁን ያነሣ ሰው አየና ፍሬቻ ሳያሳይ ቆመ። ልጄ ፍሬኑን በጊዜው ያዘ፤ እስከዚህ ድረስ ያስተማሩት ሁሉ ሠርቷል። ወዲያው ግን መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ ባጃጁን ለማለፍ ወጣ፤ በስፖኪዮ ኋላውን አላየም፣ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ተሳቢም ያየው አፍንጫችን መሐል መንገድ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። «ቁም፣ ተመለስ» አልኩት፤ ተመለሰ፤ ተሳቢው በረዥም ክላክስ አልፎን ሄደ። ቆይቶ፣ መኪናውን ዳር አስይዤው ምን እንዳሰበ ስጠይቀው፣ ባጃጁ ስላናደደው ከኋላው መቆም እንዳልፈለገ ነገረኝ። የእኅቴ ልጅ ተመሳሳይ ሁኔታ ሲገጥማት ባጃጁ ከመቆሙ በፊት ፍጥነቷን ቀንሳ ነበር፤ ለምን እንደቀነሰች ብጠይቃት «ሰውየው እጁን ሲያነሣ አይቸዋለሁ፤ ሰው እያየ የማይቆም ባጃጅ የለም» አለችኝ። የእርሷ ማርሽ አሁንም ያንገጫግጫል፤ ነገር ግን ዓይኗ ከመኪናው ቀድሞ ይሄዳል።

በተቋሙ ውስጥ ይህን ልዩነት የሚለካ ነገር አላየሁም። መለኪያው ያለው ወላጅ ጋ ነው፤ ልጁ መሪ ከመያዙ በፊትም መታየት ይጀምራል። የተናደደ ጊዜ ምን ያደርጋል? ጓደኞቹ ሲገፋፉት እምቢ ማለት ይችላል ወይ? ያጠፋውን ሳይደብቅ ይናገራል ወይ? ስልኩን አስቀምጥ ሲባል ያስቀምጣል ወይስ ዞር እስኪባልለት ይጠብቃል? እነዚህ ከማሽከርከር ጋር የማይገናኙ ይመስላሉ፤ በመንገድ ላይ የሚገለጡት ግን እነዚሁ ናቸው። አንድ ልጅ ዕድሜው 18 ሞልቶ በእነዚህ ነገሮች ገና ከሆነ፣ ምዝገባውን ለሚቀጥለው ክረምት ማሳደር ምንም አይጎዳውም።

ጉዳዩን ያከበድኩ ለሚመስለው አንባቢ ጥቂት እውነታዎችን ላንሣ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሰዎችን በመግደል ረገድ የመንገድ አደጋ በዓለም ላይ የመጀመሪያውን ቦታ ይዟል፤ በየዓመቱም ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በመንገድ ላይ ይሞታል። እያሽከረከረ በስልክ የሚጠቀም ሰው አደጋ የማድረስ ዕድሉ ከማይጠቀመው ወደ 4 እጥፍ እንደሚጠጋም ይኸው ድርጅት ያስረዳል፤ በጆሮ ማዳመጫ ማውራትም ቢሆን ብዙ ለውጥ አያመጣም። አዲስ አሽከርካሪ ይበልጥ ለአደጋ የሚጋለጠው አስተማሪ አጠገቡ በተቀመጠበት ወቅት ሳይሆን፣ ፈቃዱን አግኝቶ ብቻውን መውጣት በጀመረባቸው የመጀመሪያ ወራት ነው። የዕድሜ እኩዮቹ አብረውት ሲሳፈሩ አደጋው ይጨምራል፤ ሌሊት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለዚህ አንዱ ምክንያት፣ ስሜትን የሚገታውና መዘዝን የሚያመዛዝነው የአንጎል የፊት ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና መብሰሉን የሚቀጥል መሆኑ ነው። ልጁ ባለጌ ስለሆነ አይደለም፤ ገና ስለሆነ ነው።

ይህን የተረዱ አገሮች ፈቃዱን በደረጃ መስጠት ጀምረዋል። ኒውዚላንድ ከ1987 እ.ኤ.አ. አንሥቶ በምትጠቀምበት ሥርዓት፣ አዲሱ አሽከርካሪ የለማጅነቱን ጊዜ ጨርሶ ብቻውን መንዳት ሲፈቀድለት እንኳ፣ ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ከሌለ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት እንዳያሽከረክር፣ ጓደኞቹንም እንዳይጭን ይከለከላል። እዚህ እኛ ዘንድ ይህን ለማድረግ ሌላ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የመኪናው ቁልፍ ያለው በወላጅ እጅ ነውና ደንቡን ቤት ውስጥ ማውጣት ይቻላል።

እኛ ያደረግነው ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ቁልፍ ከመስጠታችን በፊት ከሁለቱም ልጆች ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ደንቡን እነርሱም እንዲያወጡት አደረግን። ጓደኛ አይጫንም፤ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ በኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የሁሉም ቀበቶ ሳይታሰር ሞተር አይነሣም፤ ሳይመሽ ቤት ይገባል። አንዱን ግን አጥብቄ የያዝኩት እኔ ነኝ፦ በየትኛውም ሰዓትና በየትኛውም ሁኔታ፣ የሚያሽከረክረው ሰው ጠጥቶ ከሆነ ወይም ራሳቸው ደክሟቸው ከሆነ፣ ይደውሉ፤ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ፣ በዚያ ሌሊትም ምንም አልጠይቅም። ቁጣ የሚፈራ ልጅ አይደውልም።

ከዚያ የመንገዱን ቅደም ተከተል አበጀን። የእሑድ ማለዳ ባዶ መንገዶች መነሻ ሆኑ። ቀጥለን ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ሄድን፤ መንገዱ አጭር ነው፣ ነገር ግን አገዳ የጫነ ተጎታች፣ ብስክሌት፣ ከብትና እግረኛ ስለማይጠፋበት፣ ከፊት ያለውን መቼ መቅደም እንደሚገባና መቼ ከኋላው መታገሥ እንደሚሻል ለማስተማር የሚያህለው የለም። ገበያው አካባቢ ጋሪው፣ ባጃጁና ዕቃ ተሸካሚው በሚጋፉበት ሰዓት የገባነው ሁለቱም ሳይጨነቁ ማሽከርከራቸውን ካየሁ በኋላ ነው። ዝናብ ሲዘንብም ሆን ብለን ወጣን፤ ከኮረብታዎቹ የሚወርደው ጎርፍ አስፋልቱ ላይ የሚተወው ደለል ጎማን እንዴት እንደሚያንሸራትት በቀስታ ፍጥነት ማየት፣ በኋላ ሳይዘጋጁ ከሚመጣ ድንጋጤ ያድናል።

በጉዞው ላይ ይበልጥ የጠቀመን ዘዴ ልጁ የሚያየውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ማድረግ ነው። «በቀኝ የቆመ ሚኒባስ አለ፣ በሩ ሊከፈት ይችላል፤ ልጆች ዜብራው ጋ ቆመዋል፣ አንደኛው ወደዚህ አያይም፤ ከኋላዬ ሲኖትራክ ተጠግቷል» እያለ ሲሄድ፣ ምን እንዳየና ምን እንዳመለጠው ወዲያው ይታወቃል። መጀመሪያ ላይ ልጄ የሚናገረው ከፊቱ ስላለው መኪና ብቻ ነበር፤ ዳር ላይ ያለው ሁሉ ለእርሱ እንደሌለ ነው። ቀስ በቀስ ግን ንግግሩ እየሰፋ መጣ፤ አንድ ቀን ከቆመ መኪና ሥር የልጅ እግር ማየቱን ነግሮኝ ፍሬን ሲይዝ፣ ተቋሙ ያልሰጠው ነገር እየመጣለት መሆኑን አወቅሁ። የተቋሙ አሠልጣኞች ይህን ዘዴ ከተማ ውስጥ ባለው ልምምድ ላይ ቢጨምሩት ምንም ወጪ አያስወጣቸውም፤ ለኃላፊውም በጽሑፍ አቅርቤላቸዋለሁ።

ከጎን የሚቀመጥ ወላጅ ደግሞ የራሱ ሥርዓት ያስፈልገዋል። መኪናው እየሄደ ቁጣም ሆነ ረዥም ምክር ልጁን ከመንገዱ ያርቀዋል፤ አጭር ትእዛዝ ብቻ ይሰጥ፣ ክርክሩ ከቆሙ በኋላ ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን ልጁ ለብዙ ዓመታት በኋላ ወንበር ተቀምጦ ወላጆቹን ሲያይ ኖሯል። ቀበቶ የማያስር አባት፣ አደባባይ ላይ በስልክ የምታወራ እናት፣ ሰዓት ረፈደብኝ ብሎ ከኮረብታ ጀርባ የሚቀድም አጎት የሚያስተምሩትን፣ የትኛውም ማሠልጠኛ በአንድ ክረምት ሊሽረው አይችልም።

ብዙ ወላጆች ስለሚጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በመከልከሉ፣ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው፤ እነዚህም ፍሪሲዮን የላቸውም። ታዲያ በአሮጌ ባለማርሽ ኮሮላ መማር ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ይነሣል። እኔ ባለማርሹን መልመዱን እደግፋለሁ፤ አሁንም በአገራችን መንገድ ላይ ያለው አብዛኛው መኪና እርሱ ነው። ነገር ግን ቤታቸው ኤሌክትሪክ መኪና ያለ ልጆች በእርሱ ላይ የተለየ ልምምድ ያስፈልጋቸዋል፤ መርገጫው ሲነካ ወዲያውኑ ተስፈንጥሮ ይነሣል፣ ድምፁም ስለማይሰማ በውስጥ መንገዶች የሚጫወቱ ሕፃናትና ጀርባቸውን የሰጡ እግረኞች መምጣቱን አያውቁም። ተቋሙ ይህን አያስተምርም፤ በቅርቡ መጀመር ይኖርበታል።

ልጅ ለማስመዝገብ የምታስቡ ወላጆች፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ መኪና ለስንት ሠልጣኝ እንደሚመደብ፣ ከልምምዱ ምን ያህሉ ከሜዳው ውጭ እንደሆነ፣ ወላጅ አንድ ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ ማየት ይፈቀድለት እንደሆነ ጠይቁ። የመጨረሻውን ጥያቄ ሳያቅማማ «ይቻላል» የሚል ተቋም ይሻላል፤ የእኛው ፈቅዶልናል። ለተጨማሪ የከተማ ልምምድ የሚከፈለውን ዋጋም ከመጀመሪያው እወቁት፤ እኛ ዘንድ ያልተነገረን እርሱ ብቻ ነበር፣ ከታወቀ በኋላ ግን ከሁሉ በላይ የጠቀመን ክፍያ ሆኖ አግኝተነዋል። የመኪናችሁን የመድን ውልም አውጥታችሁ አንብቡ፤ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሙሉ መድን የገባ ሰው ግን ውሉ ስለ አሽከርካሪው ዕድሜና ልምድ ምን እንደሚል ልጁ መሪ ከመያዙ በፊት መድን ድርጅቱን ይጠይቅ።

ተቋሙን ለንድፈ ሐሳቡ ትምህርትና ለሜዳው ሥልጠና ያለማመንታት እመክረዋለሁ፤ ለከተማው ልምምድ ግን አሁን ባለበት ሁኔታ ብቻውን በቂ አይደለም። በእኛ ቤት የእኅቴ ልጅ በከተማው ውስጥ ብቻዋን እንድትሄድ ከእናቷ ጋር ተስማምተናል፤ ልጄ ለጊዜው ከእኔ ወይም ከአባቱ ጋር ነው የሚወጣው፣ እርሱም ምክንያቱን ስለሚያውቅ አላኮረፈም። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ሁለቱም ገና አልሞከሩትም። መስከረም ከጠባ በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከቀኑ በብርሃኑ ሰዓት አንዳቸውን በሄድንበት ሌላኛውን በመለስንበት እናስለምዳቸዋለን።